የቦርከና እንቁራሪቶች ጭር አሉ፦ ፈንገስ ነው ወይስ ፍሳሽ? በ60 ናሙና ምን ማወቅ ይቻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የቦርከና ወንዝ ዳር ነዋሪዎች ድሮ ክረምት ሲገባ የእንቁራሪት ጩኸት እንቅልፍ ይነሳ ነበር፤ አሁን ጭር ብሏል ይላሉ። የሞተ እንቁራሪት ግን አላየንም። እንቁራሪት ይገድላል የሚባለው ፈንገስ ይሆን ወይስ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ? ለ60 ናሙና የሚበቃ የምርመራ ገንዘብ አለን። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 6 ቦታ መርጠን፣ በየቦታው 10 ወስደን፣ ላይኛውንና ታችኛውን ለማወዳደር አስበናል። ከሳይንስ ክበቡ ተማሪዎች ጋር እንዴት እንሥራው?»

መምህር፣ ከጥያቄዎ መጨረሻ ልነሳ። 6 ቦታ ላይ 10 10 የሚለውን ዕቅድ ይተዉት። አንድ ጅረት ውስጥ ከ10 እንቁራሪቶች አንዷ በፈንገሱ ተይዛለች እንበል። እዚያ 10 ይዘው ሲመረምሩ አሥሩም ነጻ ሆነው የሚወጡበት ዕድል 35 በመቶ ነው። ፈንገሱ እያለ «የለም» ብለው ጽፈው የመመለስ ዕድልዎ ከሦስት አንድ እጅ ይበልጣል ማለት ነው። 10 መርምረው አንድም ካላገኙ በ95 በመቶ እርግጠኝነት አፍ ሞልተው መናገር የሚችሉት «የተያዙት ከ26 በመቶ አይበልጡም» የሚለውን ብቻ ነው። ይህን በ6 ቦታ ሲደጋግሙት 6 ደካማ መልስ ይዘው ይቀራሉ። ከ10 በመቶ በላይ የተያዘ መንጋ ውስጥ ቢያንስ አንድ የታመመ በዚያው እርግጠኝነት ለማግኘት 29 እንስሳ፣ ከ5 በመቶ በላይ ለሆነ ደግሞ 59 ያስፈልጋል። ይህም ምርመራው ምንም የማይስት ከሆነ ነው። ከ100 የታመሙ 80ውን ብቻ የሚያገኝ ምርመራ ቢሆን 59ኙ ወደ 74 ያድጋል።

ሁለተኛው ችግር ከቁጥሩ ይብሳል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። ቦርከና ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ውሃው ይሞቃል፤ የሁለት ከተማ ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽም አብሮ ይጨመርበታል። ፈንገሱ ሙቀት አይወድም። ታች ላይ ፈንገስ አነስተኛ ሆኖ ቢያገኙት ምክንያቱ ሙቀቱ ይሁን፣ ፍሳሹ ይሁን፣ ወይስ እንቁራሪቶቹ ራሳቸው ሌላ ዝርያ በመሆናቸው ይሁን መለየት አይችሉም። ሦስቱም በአንድ መስመር አብረው ይለዋወጣሉ። ስለዚህ የፈንገሱን ጥያቄና የፍሳሹን ጥያቄ ለያይተን፣ ለየራሳቸው በሚስማማቸው ዘዴ እንጠይቃቸው።

ስለ ፈንገሱ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ልበል። ሙሉ ስሙ ባትራኮኪትሪየም ደንድሮባቲዲስ ነው፤ የዘርፉ ሰዎች ቢዲ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያና በፓናማ እየሞቱ በነበሩ እንቁራሪቶች ቆዳ ላይ መገኘቱ ተዘገበ፤ በ1999 ስሙ ወጣለት። በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት መነሻውን ወደ ምሥራቅ እስያ፣ በተለይም ወደ ኮሪያ ልሳነ ምድር ወስዶታል። በ2019 የተጠናቀረ ዓለም አቀፍ ግምገማ ደግሞ 501 የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች በዚህ በሽታ ምክንያት መመናመናቸውን፣ ከእነዚህ 90ው ጨርሶ ጠፍተዋል ተብለው እንደሚገመቱ አስፍሯል። በአንድ በሽታ ብቻ ይህን ያህል የብዝኀ ሕይወት ጥፋት የደረሰበት ሌላ የአከርካሪ እንስሳት ወገን አይታወቅም።

ዘሩ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር የምትሆን፣ አንዲት ጅራት ያላት ዋናተኛ ህዋስ ናት። በራሷ ጉልበት የምትዋኘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሩቅ የሚያደርሷት የሚፈስ ውሃ፣ እርጥብ ቦቲ፣ እርጥብ መረብ እና የሰው እጅ ናቸው። ቆዳ ላይ ካረፈች በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ4 እስከ 5 ቀን ውስጥ አድጋ አዳዲስ ዋናተኞች ትለቃለች። የሚስማማት ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን በ4 ዲግሪም ቀስ ብላ ታድጋለች፤ 28 ላይ ሲደርስ ግን እድገቷ ይቆማል። «ኮምቦልቻ ቆላ ቢጤ ነው፣ እዚያ አይኖርም» የሚል ካለ ልክ አይደለም። የቀትሩ አየር ቢሞቅም ጥላ ሥር ያለ የምንጭ ውሃና የሌሊቱ ብርድ እንቁራሪቷን ፈንገሱ በሚመቸው ሙቀት ውስጥ ያቆዩአታል። ወሳኙ እንቁራሪቷ የምትቀመጥበት ድንጋይ ሥር ያለው ሙቀት ነው፤ ቴርሞሜትሩን እዚያው ያስገቡት።

«የሞተ አላየንም» ያሉት ፈንገሱን ነጻ አያወጣውም። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው፣ በከፊልም የምትተነፍሰው በቆዳዋ ነው፤ ሶዲየምና ፖታሲየምም በዚያው በኩል ይመጠናል። ፈንገሱ ይህን ሥራ ሲያውክ በደሟ ውስጥ ያሉት ጨዎች ይወርዱና ልቧ ይቆማል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 በሙከራ ታይቷል። ፈንገሱ የሚያርፈው ኬራቲን (ጥፍርና ፀጉር የሚሠራበት ጠንካራ ፕሮቲን) ባለበት ሕዋስ ላይ ነው። ውሃ ውስጥ ያለችው ጭራማዋ ግልገል ኬራቲን ያላት አፏ ላይ ብቻ በመሆኑ በሽታውን ተሸክማ ወራት ትቆያለች። ጭራዋን ጥላ እግር ስታወጣ ቆዳዋ በሙሉ ኬራቲን ያበጃል፤ ያኔ ፈንገሱ ከአፍ ወደ ሰውነት ይዛመታል። ብዙ ጊዜ የሚሞቱት እነዚያ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ጨቅላዎች ናቸው። ሬሳቸውን ጉንዳንና ወፍ ሌሊቱ ሳይነጋ ያነሱታል። ቁጥሩ እየሳሳ ሄዶ ከዓመታት በኋላ ጩኸቱ ሲጠፋ ነው ሰው የሚነቃው።

በአገራችን ፈንገሱ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች፣ በብዙ አካባቢና በብዙ ወገን እንቁራሪቶች ላይ በብዛት አግኝቶታል። ስለዚህ ደቡብ ወሎ ላይ ቢያገኙት «በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ» ብለው አይጻፉ። ዋጋ ያለው መረጃ የትኛው ዝርያ ላይ፣ በምን ያህል ብዛት እና በየትኛው ወር እንደተገኘ ነው። አገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች አሏት፤ ብዙዎቹ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። የወሎ ተራሮች ከባሌ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ነው የታዩት። የተማሪዎችዎ ሥራ በደንብ ከተመዘገበ ከክበብ ሥራ አልፎ የሚጠቀስ መረጃ ይሆናል።

60ውን ናሙና እንዲህ ይክፈሉት፦ 28 ከላይ፣ 28 ከታች፣ 4 ለቁጥጥር። ላይኛው ቦታ ከጦሳ ተራራ ከሚወርዱት ጅረቶች የከተማ ቆሻሻ ያልነካው አንዱ ይሁን። ታችኛው ኮምቦልቻ አካባቢ ካለ ገባር፣ ከፋብሪካና ከመኖሪያ መንደር በላይ ካለው ክፍል ይሁን። ሁለቱም ከፍሳሽ ንጹሕ ስለሆኑ ከፍታና ሙቀት የሚያመጡትን ልዩነት ብቻ ያያሉ። 28 ሁሉ ነጻ ቢወጡ «የተያዙት ከ10 በመቶ ገደማ አይበልጡም» ማለት ይችላሉ፤ ይህ የሚታመን ዓረፍተ ነገር ነው። ቁጥጥሮቹ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን አንድ አዲስ ስዋብ (ናሙና ለመውሰድ የእንቁራሪቷ ቆዳ የሚጠረግበት፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ዘንግ) ከፍተው አየር ላይ አወዛውዘው፣ እንስሳ ሳይነኩበት የሚያሽጓቸው ናቸው። እነሱ ላይ ፈንገስ ከተገኘ የዚያ ቀን ናሙና በሙሉ ተበክሏል ማለት ነው።

ዝርያ አይቀላቅሉ። 28ቱም የሚቻል ከሆነ ከአንድ ዓይነት ይሁኑ። ለዚህ የሚመቹት ከጅረት የማይርቁት የአሚየቲያ ወገን እንቁራሪቶች ናቸው፤ ግልገሎቻቸው በሚፈስ ውሃ ውስጥ ስለሚያድጉ ከፈንገሱ ጋር የመገናኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ሣር ውስጥ የሚስፈነጠሩት ፕቲካዴናዎችና ቆዳቸው ሻካራ የሆነው ጉርጦች ብዙውን ጊዜያቸውን ከውሃ ርቀው ያሳልፋሉ። ከላይ 28 አሚየቲያ፣ ከታች 28 ጉርጥ ቢይዙ ያወዳደሩት ዝርያን እንጂ ቦታን አይደለም። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ስም አይስጡ፤ ከጀርባ፣ ከጎን፣ ከሆድና ከኋላ እግር ጣቶች መካከል ካለው ስስ ቆዳ አራት ፎቶ አንስተው በቁጥር ብቻ ይመዝግቡት።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ይህ ሥራ የሚበላሸው ላቦራቶሪ ሳይደርስ ወንዙ ዳር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ስዋቡ ጫፉ ሬዮን ወይም ፖሊስተር፣ ዘንጉ ፕላስቲክ የሆነ መሆን አለበት። ሱቅ የሚሸጠው የጆሮ ጥጥ አይሆንም፤ ጥጡና እንጨቱ የፒሲአር ምርመራን (የፈንገሱን ዲኤንኤ አባዝቶ የሚያሳየውን) የሚያሰናክል ነገር ይለቃሉ። ጓንቱ ዱቄት የሌለው ናይትራይል ይሁን፤ ላቴክስ ለጭራማዎቹ ግልገሎች መርዝ ነው። ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ጓንት ያስፈልጋል፤ 56 እንስሳ ካለ 56 ጥንድ ማለት ነው። እጥረት ካለ ጓንቱን በትንንሽ ፌስታል ይተኩት፦ ፌስታሉን ገልብጠው እጅዎን ያስገቡበት፣ እንቁራሪቷን በዚያው ይያዙ፣ ከዚያ መልሰው ይገልብጡት፤ እሷ ውስጥ ትቀራለች። አንድ ፌስታል ለአንድ እንቁራሪት፣ አንዴ ብቻ። ሁለት አንድ ላይ ማስገባት የአንዷን ዘር በሌላዋ ላይ መለጠፍ ነው። ፌስታሉን ፀሐይ ላይ ትተውት ቢሄዱ በደቂቃዎች ውስጥ ትሞታለች፤ ጥላ ውስጥ ያድርጉት፣ ከ15 ደቂቃም አያስቆዩአት።

ስትያዝ ሁለቱ የኋላ እግሮቿ ከጭኗ ላይ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ይያዙ፤ ጀርባዋ መዳፍዎ ላይ ይተኛ፣ ሆዷ ወደ ላይ ይሁን። ጭቃ ካለባት ከቤት በመጣ ንጹሕ ውሃ አንዴ ያለቅልቋት። ስዋቡን ዘንጉ ትንሽ እስኪጎብጥ ተጭነው ይጥረጉ፤ ቆዳው እስኪቀላ ግን አይደለም። ሆዷን 10 ጊዜ፣ ከዚያ ውስጥ የታችኛውን ግማሽ በደንብ፤ ውሃ የምትመጠው በዚያ በኩል ስለሆነ ፈንገሱ ይበዛበታል። እያንዳንዱን ጭን ከውስጥ በኩል 5 ጊዜ። የእያንዳንዱን የኋላ እግር የጣት መሐል ቆዳ 5 ጊዜ። በጠቅላላው 30። በእያንዳንዱ ጥረጋ ዘንጉን በጣትዎ በትንሹ ያሽከርክሩት፤ ካልሆነ የጫፉ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚሠራው። አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ይቁጠር። አንዷን 30፣ ሌላዋን 12 ጊዜ ከጠረጉ የፈንገሱን ብዛት ማወዳደር አይቻልም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠራጊው አንድ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ።

ከዚያ ጫፉን 1.5 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ አስገብተው ዘንጉን እዚያው ሰብረው ይክደኑ። በመቀስ አይቁረጡት። መቀሱን በአልኮል ብታጸዱት ፈንገሱ ይሞታል፣ ዲኤንኤው ግን ይቀራል፤ ምርመራው የሚያየው ደግሞ ዲኤንኤውን ነው። ብዙ የተማሩ ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው፦ ሕይወቱን መግደልና ዲኤንኤውን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዲኤንኤውን የሚያበላሸው በረኪና ነው።

ናሙናው ወዲያው አይስ ቦክስ ውስጥ ይግባ፤ ማታ ፍሪዘር፣ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች። መብራት የሚጠፋበት ቤት ከሆነ 70 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ቢያስቀምጡት ይሻላል፤ ግን አንዱን መንገድ መርጠው ለ60ውም ያው ይሁን። በ96 በመቶ ኢታኖል 70 በመቶ ለማዘጋጀት 730 ሚሊ ሊትር ወስደው ንጹሕ ውሃ እስከ 1 ሊትር ይሙሉ። ቀለም የተቀላቀለበትን የማቃጠያ አልኮል ለናሙና አይጠቀሙ። በቱቦው ላይ በማርከር የተጻፈ ቁጥር አንዲት ጠብታ አልኮል ሲነካው ይጠፋል፤ በእርሳስ ጽፈው ይለጥፉ፣ ያንኑ ቁጥር ደብተር ላይም ይጻፉ። ቁጥር የጠፋበት ቱቦ እንዳልተወሰደ ይቆጠራል።

ጽዳቱ የናሙናውን ያህል ይከበር። ከጦሳ ጅረት ወደ ኮምቦልቻ ገባር የሚሄደው ቦቲ ራሱ በሽታ አመላላሽ እንዳይሆን ነው። መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ፍቀው ያጥቡ፤ ጭቃ ክሎሪኑን ይበላዋልና ሳያጥቡ በረኪና ውስጥ መንከር ልፋት ብቻ ነው። ፈንገሱን የሚገድለው 1 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ለ1 ደቂቃ ነው። የበረኪናውን ጠርሙስ ያንብቡ፤ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 ሊትር በረኪና በ4 ሊትር ውሃ። እኔ 5 ደቂቃ እንዲነከር እመክራለሁ፤ መስክ ላይ ምንም ነገር ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ሆኖ አይነከርምና። ድብልቁን በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፣ ፀሐይ ያዳክመዋል። በረኪናን ከአልኮል ወይም ከአሲድ ጋር በፍጹም አያደባልቁ። እጥበቱን ከጅረቱ ርቀው ደረቅ መሬት ላይ ያድርጉ፤ በረኪና ውሃ ውስጥ ከገባ ግልገሎቹን እርስዎ ራስዎ ይገድሏቸዋል። ለትናንሽ ዕቃ 70 በመቶ አልኮል ለ1 ደቂቃ ይበቃል። ፈንገሱ ለ3 ሰዓት ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ይሞታል፤ ነገር ግን የቦቲ ስፌትና የመረብ ቋጠሮ በ3 ሰዓት አይደርቅም፣ በማድረቅ ብቻ አይመኩ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ቦታ የሚሠሩ ከሆነ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ አይገልብጡት።

ስትያዝ የምትታይ ምልክትም ይመዝገብ፦ ቀን ሜዳ ላይ ፈዝዛ መቀመጥ፣ የኋላ እግሮቿን ዘርግታ መቅረት፣ ቆዳዋ በቁርጥራጭ መላጥ፣ የሆድና የጭን መቅላት። በጀርባዋ አስተኝተው ይልቀቋት፤ ጤነኛዋ ወዲያው ትገለበጣለች፣ የታመመችዋ ትቸገራለች። ጭራማዎቹን ደግሞ በነጭ ማንኪያ ላይ ገልብጠው በ10 እጥፍ ሌንስ አፋቸውን ይዩ፤ ጤነኛው ጥቁር፣ ጥርት ያለ የቀንድ መንቁር አለው። መንቁሩ ቀለሙ ለቆ የተሸራረፈ ከሆነ ይጻፉት፤ ግን ብርድና ኬሚካልም እንዲሁ ስለሚያደርጉት «ፈንገስ ነው» ብለው አይፍረዱ። የሞተች ካገኙ መጀመሪያ በስዋብ ይጥረጓት፣ ከዚያ የቆዳዋን ቁራጭ በኢታኖል፣ የቀረውን በ10 በመቶ ፎርማሊን ያስቀምጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፎርማሊኑ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል።

ወደ ፍሳሹ ስንመጣ አንድም ስዋብ አያስፈልግዎትም። ኮምቦልቻ ላይ «ለዮሌ» እና «ወርካ» የሚባሉ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ቦርከና ይገባሉ። በእያንዳንዱ ላይ ፍሳሹ ከሚቀላቀልበት በላይና በታች ያሉ፣ በዳርቻቸው የሚመሳሰሉ ሁለት የ100 ሜትር ክፍሎች ይምረጡ። ከፍታው አንድ፣ ሙቀቱ ተቀራራቢ፣ ልዩነቱ ፍሳሹ ነው። ከፀሐይ መግቢያ ግማሽ ሰዓት በኋላ 5 ደቂቃ ቆመው ያዳምጡ፤ 0 ዝምታ፣ 1 አንድ በአንድ የሚቆጠር ድምፅ፣ 2 ድምፁ ቢደራረብም የሚለይ፣ 3 የማያቋርጥ ጩኸት። ከዚያ በግንባር ባትሪ 100 ሜትሩን፣ ከዳር 2 ሜትር ስፋት፣ እየቆጠሩ ይሂዱ። ስንት ሰው ስንት ደቂቃ እንደፈለገ ይጻፉ፤ «ምንም አላገኘንም» ሁለት ሰው ለ40 ደቂቃ ፈልጎ ከሆነ መረጃ ነው፣ ካልተጻፈ ወሬ ነው። አንድ ሌሊት ምንም አይነግርም፤ በዝናብ ማግስት ቢያንስ 4 ሌሊት ይደገም፣ ላይኛውና ታችኛውም በአንድ ሌሊት ይታዩ።

ከውሃው ሙቀት፣ ፒኤች፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ የሟሟ ኦክስጅንና አሞኒያ ይለኩ። ኦክስጅኑን ጎህ ሲቀድ ይለኩት፤ ቀን ላይ አልጌው ስለሚያመርት የታመመ ውሃ ጤነኛ ይመስላል። አሞኒያ ፒኤችና ሙቀት ሲጨምሩ መርዝነቱ ይብሳል፤ ብቻውን ተጽፎ የሚቀር ቁጥር ትርጉም የለውም። ቆዳ ማልፊያ ካለበት ክሮሚየም የግድ መታየት አለበት፣ እሱን ግን ዩኒቨርሲቲ ይለካላችሁ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከፍ ያለ ጨዋማነት የፈንገሱን እድገት ይገታል። ስለዚህ ከፍሳሹ በታች ፈንገስ ባይገኝ ያ ለውሃው የጤና ምስክር ወረቀት አይሆንም።

ሽማግሌዎቹንም በተናጠል ይጠይቁ፤ በጉባኤ ሲጠየቁ የአንዱ ትዝታ የሌላው ይሆናል። «ቀንሷል ወይ» ከማለት «የትኛው ኩሬ ላይ? በየትኛው ወር? ደርግ ሳይወድቅ ነው ከወደቀ በኋላ?» ይበሉ። ያመለከቷችሁን ቦታ ሄዳችሁ እዩት። የመራቢያው ኩሬ በአፈር ተሞልቶ ቤት ከተሠራበት ወይም ዳሩ በድንጋይ ከተገነባ፣ ለዚያ ቦታ ዝምታ ፈንገስም ፍሳሽም መፈለግ አያሻም። የአትክልት ማሳ ዳር ከሆነም ምን ፀረ ተባይ፣ መቼ እንደሚረጭ ይጻፉ።

ስዋብ ከመግዛትዎ በፊት ከላቦራቶሪው ጋር ይስማሙ። ለኮቪድ ምርመራ የሚያገለግለው ዓይነት የሪል ታይም ፒሲአር መሣሪያ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ለዚህ ፈንገስ የተዘጋጀው ፕራይመርና ፕሮብ (የፈንገሱን ዲኤንኤ ለይተው የሚይዙ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች)፣ እንዲሁም ብዛቱን የሚለኩበት ከ0.1 እስከ 100 ዙስፖር (ያቺ ዋናተኛ ህዋስ) የሚደርስ መለኪያ ዲኤንኤ አላቸው ወይ ብለው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው መደበኛ ዘዴ እያንዳንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ይፈትሻል። ናሙናው ላይ ያለ ጭቃ ምርመራውን ስለሚያፍነው ከናሙናው የወጣው ዲኤንኤ 10 እጥፍ ይቅጠን፣ ውስጣዊ ቁጥጥርም ይጨመርበት። ያ ቁጥጥር ከሌለ «የለም» የሚለው ውጤት እውነተኛ ይሁን የታፈነ መለየት አይቻልም።

ውጤቱ ሲመጣ አትቸኩሉ። ፈንገሱ ተገኘ ማለት እንቁራሪቶቹን የጨረሳቸው እሱ ነው ማለት አይደለም፤ ተሸክመውት ሳይታመሙ የሚኖሩ ብዙ ዝርያዎች አሉ። ብዛቱን እዩ። በካሊፎርኒያ ተራሮች ባሉ እንቁራሪቶች ላይ ጅምላ ሞት የታየው የፈንገሱ መጠን በአንድ እንስሳ 10,000 ዙስፖር ገደማ ሲደርስ ነው። ይህ ቁጥር ለወሎ ዝርያዎች እንዳለ አይሠራም፤ ነገር ግን ከአንድ እንስሳ 3፣ ከሌላዋ 40,000 ቢወጣ ሁለቱን «ፖዘቲቭ» በሚል አንድ ቃል አትጠቅልሏቸው። ከተገኘም ጅረቱ ውስጥ መድኃኒት እንጨምር የሚል ሐሳብ ቢነሳ ይቃወሙት። ዱር ውስጥ ፈንገሱን ማጥፋት የተሳካበት የማዮርካ ደሴት ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተዘገበው፣ ግልገሎቹን አውጥቶ ለብቻቸው በማከም፣ ትንንሾቹን ኩሬዎች ደግሞ አድርቆ በኬሚካል በማጽዳት ነበር። በሚፈስ ወንዝ ላይ ያ አይሞከርም።

ፈቃዱን አስቀድመው ይጨርሱ፤ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ከክልሉ መሥሪያ ቤት የመያዣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ሳያስፈቅዱ አንዲት ቱቦ አይውጣ። ተማሪዎቹ ባዶ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አይግቡ፣ በኮምቦልቻ በኩል ቢልሃርዚያ አለ። ጉርጥ የነካ እጅ ሳይታጠብ ዓይን አይነካ። በነሐሴ ጎርፍ ወቅት ሌሊት ቦርከና ዳር ልጅ ይዞ መሄድ አይታሰብም፤ የማዳመጡን ሥራ በክረምቱ መግቢያ፣ ስዋቡን ውሃው ከጠራ በኋላ በጥቅምት ያድርጉት።

ከምርመራው የሚተርፈውን የዲኤንኤ ቅሪት ላቦራቶሪው እንዳይጥለው በውሉ ላይ ያስጽፉ። በቁጥሩ፣ በቀኑ፣ በቦታው መጋጠሚያና በአራቱ ፎቶዎች ተለይቶ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። ዘንድሮ 28ቱም ነጻ ቢወጡና ከ5 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው በዚያው ጅረት ፈንገሱን ቢያገኝ፣ መቼ እንደገባ የሚመሰክሩት እነዚያ ቱቦዎች ናቸው።